ባንዲራውን ከሳመ በኋላ

ሀ፦ ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ታጋይ ነው። ታጋይ ስልሽ ጫካ የገባ አይደለም፤ ምንጣፍ ላይ የሚታገል ስፖርተኛ ነው፤ እንዳትደነግጪ።

ለ፦ (ሳቅ) ማይክሮፎኑን ላጠፋው ነበር እኮ!

ሀ፦ ዳንኤል ኢጋሊ ይባላል። የተወለደው ናይጄሪያ፣ ባየልሳ ግዛት፣ ኤኒዋሪ መንደር ነው። ቤተሰቡ ኢጃው ከሚባለው ብሔረሰብ ናቸው፤ ትግል ባህላቸው ነው። ቤቱ ደግሞ ሃያ ያህል እህትና ወንድም ነበረው።

ለ፦ ልምምዱ ከእራት ሰዓት ይጀምር ነበር በለኛ።

ሀ፦ በፈረንጆቹ 1994 የናይጄሪያ የትግል ቡድን አምበል ሆኖ ለኮመንዌልዝ ጨዋታዎች፣ ማለትም በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ለሚወዳደሩበት የስፖርት ውድድር፣ ካናዳ፣ ቪክቶሪያ ሄደ። ዕድሜው ሃያ ነው። ቡድኑ ሲመለስ እሱ ቀረ፤ ጥገኝነት ጠየቀ።

ለ፦ እዚህ ጋ ቆይ። ሰው «ቀረ» ብሎ ያልፈዋል። አምበል ሆኖ ጓደኞቹን አውሮፕላን ላይ ሲሸኝ አስበው እስቲ!

ሀ፦ አገሩ በሳኒ አባቻ ወታደራዊ አገዛዝ ሥር ነበረች። ብቻ... እዚያው ካናዳ ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ የካናዳ ዜግነት አገኘ፣ በ1999 አንካራ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2000 ሲድኒ፣ በ69 ኪሎ ነጻ ትግል ወርቅ! ካናዳ በትግል ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ነው።

ለ፦ የካናዳን ባንዲራ ምንጣፉ መሐል ዘርግቶ፣ ዙሪያውን ሮጦ፣ ተንበርክኮ የሳመው ነገር። ስንቴ እንዳየሁት! ደግሞ እዚያ አገር እንደ ልጇ ያቀፈችው ሴት ከኦሎምፒኩ በፊት በካንሰር ሞታለች። ያንን ካወቅኩ ወዲህ ቪዲዮውን እንደ በፊቱ አላየውም።

ሀ፦ ሁሉም ታሪኩን እዚያ ላይ ይዘጋዋል።

ለ፦ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው የሚበልጥብኝ። ለመንደሩ ትምህርት ቤት አሠራ። ከዚያ ተመልሶ ናይጄሪያ ገባና አሰልጣኝ ሆነ፤ በኋላም የትግል ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት። ጥሎት የሄደውን ቡድን ማለት ነው!

ሀ፦ ማሰልጠኑስ ቀላል መሰለሽ? በባህላዊው ትግል ጀርባህ መሬት ከነካ አለቀ። ምንጣፍ ላይ ግን ሦስት ሦስት ደቂቃ ሁለት ዙር አለ፤ እግር ይያዛል፣ ነጥብ በነጥብ ይለቀማል። ጉልበተኛ ልጅ መጀመሪያ የሚቸገረው በትዕግስቱ ይመስለኛል።

ለ፦ የቶኪዮ ኦሎምፒኳን አትርሳ። ብለሲንግ ኦቦሩዱዱ፣ እሷም የባየልሳ ልጅ፣ በ68 ኪሎ ብር አገኘች። ናይጄሪያ በትግል የኦሎምፒክ ሜዳልያ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ያኔ ኢጋሊ ነበር።

ሀ፦ ፍጻሜው ላይ ማን ነበረች ያሸነፈቻት?

ለ፦ አሜሪካዊቷ ታሚራ ሜንሳ ስቶክ። 4 ለ 1። አባቷ ከጋና የተሰደደ ነው።

ሀ፦ አትቀልጂ!

ለ፦ የምሬን ነው። እሷማ ለብቻዋ አንድ ክፍል ይገባታል።