የኳስ ሜዳችን ካርታ የት ነው?

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ከጎንደር ነው የምናወራችሁ። ዛሬ የያዝነው የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ካርታቸውን።

እሷ፦ ቡናዬን ይዣለሁ፣ ቀጥል።

እሱ፦ ከተማርኩበት ትምህርት ቤት ልጀምር፤ ስሙን ተዪው። ከታች በኩል፣ ከጎሉ ጀርባ፣ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበር። ባለፈው ሄጄ ሳይ ዛፉ አለ፤ ግን ያለው ሰው ግቢ ውስጥ ነው። በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ገመድ ታስሮበት፣ ልብስ ተሰጥቶበት!

እሷ፦ ውይ!

እሱ፦ ጎሉ ጭራሽ የለም። ልጆቹ አሁን የሚጫወቱት ወደ ጎን ነው፣ ርዝመቱ ስላልበቃቸው። ወደ ጎን!

እሷ፦ ከላይ በኩል ደግሞ እትዬ አሉ። አድማጮቻችን፣ የእትዬን ታሪክ ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት የለም።

እሱ፦ እትዬማ! ኳሱ የግቢያቸውን የድንጋይ ካብ ዘሎ ከገባ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ ከቦኖ ካልቀዳንላቸው አይመልሱም። የካልሲ ኳስ እኮ ነው! ጎመናቸው ላይ ካረፈ ደግሞ...

እሷ፦ ሁለት ጀሪካን።

እሱ፦ ሁለት ጀሪካን! ደግሞ ሞልቶ ነው፣ ጎደሎ አይቀበሉም። ግን ልብ በይ፣ የእሳቸው የድንጋይ ካብ ዛሬም እዚያው ነው። ስንዝር አልገፉም። ያን ሁሉ ዓመት ኳስ ቀሙን እንጂ መሬት አልቀሙንም።

እሷ፦ እሺ፣ ካርታውስ?

እሱ፦ እሱን ልልሽ ነው። ሰው ምን ይላል፣ «ትምህርት ቤቱ የመንግሥት፣ መሬቱ የመንግሥት፣ ካርታ ምን ያደርግለታል?» ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፤ ልክ። ግን የእኔም ቤት ያንቺም ቤት ያለው በዚያው መሬት ላይ ነው! እኛ ካርታ አወጣን አይደል? ክርክር ሲነሣ ጎረቤት ካርታውን ይዞ ይቀርባል፣ ርዕሰ መምህሩ ባዶ እጁን።

እሷ፦ ግንባታም አለ። አንድ ድርጅት ተጨማሪ ክፍል ልሥራላችሁ ብሎ ሲመጣ «ካርታችሁን አሳዩኝ» ነው የሚለው። የግንባታ ፈቃድ ለማውጣትም የይዞታ ማስረጃ ይጠየቃል።

እሱ፦ ሕጉ እኮ አልጨከነም። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ 721፣ ለእንዲህ ያለ አገልግሎት መሬት ያለ ጨረታ፣ በምደባ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የ2006ቱ አዋጅ 818 ደግሞ ይዞታ የሚረጋገጥበትንና የሚመዘገብበትን መንገድ አስቀመጠ። ሰፈሩ ይዞታ የሚረጋገጥበት ነው ተብሎ ሲታወጅ ባለይዞታው ማመልከት አለበት፣ ወሰኑን ያሳያል፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይለጠፋል፣ ቅር ያለው ቅሬታ ያቀርባል። ለትምህርት ቤት ማን ያመልክት? ርዕሰ መምህሩ ይቀየራል። አዲሱ ሲመጣ ፋይሉ የት መሳቢያ ውስጥ እንዳለ የሚነግረው የለም።

እሷ፦ መሀንዲሱ ሊለካ ሲመጣስ? አምና የተመደበ ርዕሰ መምህር ወሰኑን ከየት ያውቀዋል? እትዬን ነው መጥራት!

እሱ፦ አሉ እኮ! እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው፣ ጠንካራ ናቸው።

እሷ፦ ታዲያ እሳቸውና እሳቸውን የመሰሉ አዛውንቶች ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ግቢውን ዞረው፣ እየተፈራረሙ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ምስክሮቹ እያሉ ነው መደረግ ያለበት።

እሱ፦ ይደረግ። ግን ባሕር ዛፉን እያሰብን የቀረውንም እንዳናጣ እፈራለሁ። እኔ የምለው አሁን ባለው ልክ ካርታው ቶሎ ይውጣ።

እሷ፦ አይ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። አሁን ባለው ልክ ከወጣ የተወሰደውን በማኅተም አጸደቅህለት ማለት ነው።

እሱ፦ ክርክሩ ፍርድ ቤት ገብቶ ዓመት ሲፈጅ፣ በዚያ መሐል በሌላው ጎን ቢገፋስ?

እሷ፦ ማስረጃ አለ! የድሮ የአየር ፎቶ አለ፣ የተለያዩ ዓመታት የሳተላይት ምስል አለ። አጥሩ መቼ እንደተገፋ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል።

እሱ፦ ዛፉም ይታያል?

እሷ፦ ያንን የሚያህል ዛፍ ለምን አይታይም?

እሱ፦ እሱን አላሰብኩትም። ቢሆንም ቶሎ ይውጣ ነው የምለው።

እሷ፦ ይውጣ፤ ግን የታችኛው ጎን ክርክር ያለበት ተብሎ ተለይቶ ይያዝ።

እሱ፦ እንደዚያ ይቻላል?

እሷ፦ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ይዘን እንጠይቅ። እኔ ግን በታችኛው ጎን አልደራደርም።

እሱ፦ እኔም በጊዜው አልደራደርም። በሉ፣ ከወላጅ መምህር ኅብረት ያላችሁ አድማጮች፣ ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህራችሁን «ካርታችን የት ነው?» በሉልን። ለእትዬም ሰላምታ አድርሱልኝ።

እሷ፦ ከአንድ ጀሪካን ጋር።

እሱ፦ ሞልቶ!