«ተቀበል» የሚል በሌለበት

እንደምን አመሻችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ ጋቢ ተከናንቤ ነው የምቀዳው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየወቀጠው ስለሆነ ማይኩን ይዤ ጋቢ ውስጥ ገብቻለሁ። ድምፄ ከታፈነ ይቅርታ።

ሰሞኑን ከዘፋኙ ከነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የሙዚቃ ሸክላዎች መላቀቅ አቅቶኛል። ምኒልክ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ጀርመን ላኳቸው። እሳቸው ከ1908 እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በርሊን ላይ ዘፈን አስቀዱ። በሸክላ የታተመው የመጀመሪያው የአገራችን ሙዚቃ ይኸው ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ስሰማው ሁለት ደቂቃ አልቆየሁም። ሽንኩርት ሲቁላላ ነው የሚመስለው። በሦስተኛው ቀን ግን የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ጩኸቱ ወደኋላ ቀረና ማሲንቆው ወጣ።

ያኔ ማይክ የለም። በኤሌክትሪክ መቅዳት የመጣው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። ዘፋኙ ትልቅ ጡሩምባ አፍ ላይ ተጠግቶ ይዘፍናል። ድምፁ ከጡሩምባው ጀርባ ያለችውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፣ ሽፋኗ መርፌዋን፣ መርፌዋ ደግሞ ሰሙን ትጭራለች። (ሰሙ እውነተኛ ሰም ነው፤ ወርቁን እሳቸው ያውቃሉ።) የተጫረ አይጠፋም። ከተሳሳቱ በአዲስ ሰም እንደገና ነው። እኔ ይህችን ክፍል አራቴ ጀምሬ አጥፍቻለሁ! ጊዜውም ሦስት፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ ነው።

አሁን አስቡት። የማሲንቆ ዘፈን ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ ሌላው ይስቃል፣ ዘፋኙ እሱን ይዞ ይነሳል። በርሊን ውስጥ ማን «ተቀበል» ይበላቸው? ደግሞ የሚገርመኝ፣ ድምፃቸው ላይ ብቸኝነቱ አይሰማኝም። እኔ ለዚህች ማይክ ሳወራ እንኳ እንዴት እንደምደነቃቀፍ ታውቃላችሁ።

ከእሳቸው በፊት ቤተ መንግሥቱም ሞክሮታል። በ1898 እ.ኤ.አ. ንግሥት ቪክቶሪያ መልእክቷን በድምፅ ቀድታ ለምኒልክ ላከች፤ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዞ ጠፋ። ምኒልክና ጣይቱ በፎኖግራፍ የመለሱት መልስ ግን ዛሬም ይሰማል። አልዋሽም፣ ይሄ ትንሽ ደስ ይለኛል።

ሲኒማው ደግሞ በተቃራኒው ምስል እንጂ ድምፅ አልነበረውም። የሉሚየር ወንድማማቾች ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ አስከፍለው ያሳዩአቸው ፊልሞች አንዱም አንድ ደቂቃ አይሞላ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አሊስ ጊ የምትባል ፈረንሳዊት የፊልም ሠሪ በአንድ መላ ድምፅ ያለው ፊልም ትሠራ ጀመር። ዘፋኙ መጀመሪያ ሸክላ ላይ ይቀዳል፤ ከዚያ ሸክላው እየዞረ፣ ካሜራ ፊት አፉን ያንቀሳቅሳል። የዛሬ ክሊፕ ማለት እኮ ነው። እኔ ግን አፍ ማየት አይደለም ያማረኝ። ያቺን ማሲንቆ የያዘውን የነጋድራስ ተሰማን እጅ ነው።

ዝናቡ አባራ መሰለኝ። አንዱን ላጫውትላችሁ። የሸክላውን ጭረት ትንሽ ታገሡት። ከጥግ «ተቀበል» ማለት ያማረውም ይበል።