ለአሉሚኒየም ጀልባ የሚሆነው የብየዳ ማሽን የትኛው ነው?

ታናሽ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ጋሼ፣ በሐይቅ ከተማ በግቢው ውስጥ 5 ሜትር ርዝመት ያላት የአሉሚኒየም ጀልባ ለመሥራት የተነሣ አንድ አድማጫችን የትኛውን የብየዳ ማሽን ልግዛ ሲል ጠይቆናል። በርና መስኮት በመበየድ እጁ የተፍታታ ሰው ነው፤ ሆኖም በኤሌክትሮድ የሚሠራው ማሽኑ ለዚህ ሥራ እንደማይበቃው ተረድቷል።

ታላቅ፦ በትክክል ተረድቷል። ለአሉሚኒየም የሚሆን ኤሌክትሮድ ባይጠፋም፣ ውኃ የማያስገባ ረጅም መስመር በእርሱ ለመበየድ መነሣት ራስን ማድከም ነው፤ በዚያ ላይ የሚተወው ዝቃጭ በደንብ ካልታጠበ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ይልቅስ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ልንገርሽና እርሱ ይማርበት።

ታናሽ፦ ያ ከደሴ ገዝተው ያመጡት ማሽን ነው?

ታላቅ፦ እርሱው ነው። ፊቱ ላይ በትልቁ «ቲግ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ቲግ በአንድ እጅ ቅስቱን፣ በሌላው መሙያ ሽቦውን ይዞ በጋዝ ከለላ የሚበየድበት ዓይነት ነው፤ እኔም ሌላ ሳልጠይቅ ገዝቼ ኮምቦልቻ አወረድሁት። 3 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ ስሞክረው ከላይ ያለው አልከፈት አለኝ፤ ስልባቦት እንደያዘ ወተት ውስጡ ቀልጦ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ሁለቱ ጠርዞች ግን አይገናኙም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፣ ላዩን የሸፈነው ስስ ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ቲግ ያንን ሽፋን የሚገፍፈው በኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ፣ ሲሠራ ነው፤ የእኔ ማሽን ደግሞ ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኤሌክትሪክ፣ ብቻ ኖሯል። ለብረትና ለስቴንለስ የሚሆን ደህና ማሽን ነው፤ ጥፋቱ የእኔ አለመጠየቅ ነበር።

ታናሽ፦ እንግዲያው ኤሲ ያለውን ቲግ ይግዛ ማለት ነው?

ታላቅ፦ ለጀልባ ከሆነ አልመክረውም። እስቲ አብረን እናስላ። ከሥሯ መሐል ለመሐል የሚሄደውን መስመር፣ እንዲሁም ጎንና ወለል የሚገናኙባቸውን ሁለት መስመሮች ከውስጥም ከውጭም ብንበይድ 30 ሜትር ይሆናል። በቲግ በደቂቃ 10 ሴንቲሜትር ቢሄድ 300 ደቂቃ ያለማቋረጥ መበየድ ነው፤ ሽቦውን ማሽኑ ራሱ እየገፋ በሚያወጣውና ሽፋኑን በዲሲም በሚገፍፈው በሚግ በደቂቃ 50 ሴንቲሜትር ቢሄድ 60 ደቂቃ ይበቃዋል። ልዩነቱ የድካም ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱ በቆየ ቁጥር ላሜራው ይጣመማል፣ የተጣመመች ጀልባ ደግሞ ቀጥ ብላ አትሄድም። ቲግ ለትንንሽ ማያያዣዎች ያምራል፤ ለእነርሱ ሲል ግን ሁለተኛ ማሽን አይግዛ።

ታናሽ፦ ሚግ ሲሆን ሽቦው ይጠቀለላል ሲሉ እሰማለሁ።

ታላቅ፦ የአሉሚኒየም ሽቦ ለስላሳ ስለሆነ በ3 ሜትር ቱቦ ውስጥ ሲገፋ ታጥፎ ማሽኑ ውስጥ ይከመራል። ስለዚህ ትንሿ የሽቦ ጥቅልል እጀታው ላይ የምትቀመጥበትን፣ ስፑል ጋን የሚባለውን መያዣ የሚቀበል ማሽን ይፈልግ። ፐልስ፣ ማለትም ኃይሉን በፍጥነት ከፍ ዝቅ የሚያደርግ፣ ያለው ከሆነ በስስ ላሜራ ላይ ሙቀቱን መቆጣጠር ይቀልለዋል፤ ገንዘቡ ከቻለ ለእርሱ ቢጨምር አይቆጭም። ሽቦው 5356 የሚባለው ማግኒዥየም ያለበት የአሉሚኒየም ሽቦ ይሁን፤ ብየዳውን ከአየር የሚከልለው ጋዙም ንጹሕ አርጎን እንጂ ለብረት የሚሆነው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የተደባለቀው አይደለም። ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ ወደ 6,000 ሊትር ስለሚይዝ፣ በደቂቃ 15 ሊትር ቢለቅ 400 ደቂቃ ያሠራዋል። አርጎኑን የት እንደሚያስሞላ ሳያረጋግጥ ግን ለማሽኑ አይክፈል።

ታናሽ፦ የመብራቱስ ነገር?

ታላቅ፦ እርሱን ነው ሰው የሚረሳው። በ150 አምፔር ሲበይድ ከ220 ቮልት መስመር ከ20 አምፔር በላይ ይስባል፤ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የእንጀራ ምጣድ ከተሰካ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ባለቤቱም ትቆጣዋለች። በጄኔሬተር እሠራለሁ ካለ ደግሞ ከፍታውን ያስብ። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ 7 ኪሎዋት የተባለው እዚያ ከ5.6 ብዙም አያልፍም። የሐይቁ ነፋስም ጋዙን ስለሚበትነው ብየዳው በመጠለያ ውስጥ እንጂ በውኃው ዳር አይሆንም።

ታናሽ፦ ሱቅ ሲገባ ምን ይጠይቅ?

ታላቅ፦ በ150 አምፔር ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ደቂቃ ሳያርፍ እንደሚበይድ ይጠይቅ፤ በጉልህ የተጻፈው ከፍተኛው አምፔር ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ሁለት ቁራጭ ባለ 3 ሚሊሜትር ላሜራ ይዞ ይሂድ። በስቴንለስ ብሩሽ ፍቆ ከአንድ ወገን ይበይዳቸው፣ በሞርሳ አሥሮም በመዶሻ ያጥፋቸው። መስመሩ ተገንጥሎ ከሥሩ የላሜራው የቀድሞ ጠርዝ እንዳለ ከታየ አልቀለጠም፤ በተለይ ብየዳው የጀመረበትን ጫፍ ይመልከት፣ ሚግ ሲነሣ ላሜራው ገና ቀዝቃዛ ነውና።

ታናሽ፦ ሻጩ አላስሞክርም ቢለውስ?

ታላቅ፦ አርጎንና ላሜራ ይዞ የመጣን ገዢ አላስሞክርም የሚል ጥቂት ነው። እኔ ያን ጊዜ የሄድሁት ባዶ እጄን ነበር።