ጄራልድ ዋይሊ የሚባል ሰው የለም

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም፣ ሻይ ብቻ አለ።

በራሴ ጉድ ልጀምር። በቀደም አንድ ክፍል ቀዳሁና ከመልቀቄ በፊት ለአራት ጓደኞቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። "ስሙና የመሰላችሁን ንገሩኝ፣ እንዳትራሩልኝ" አልኳቸው። ሁሉም መለሱ። "አሪፍ ነው!" "በርታ!" አንደኛው እንዲያውም "መጨረሻው ልቤን ነካው" አለኝ። ማታ ፋይሉን ስከፍተው ከ12ኛው ደቂቃ በኋላ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። ጭጭ። የጓደኛዬን ልብ የነካው ዝምታ ነው ማለት ነው። (ሳቅ)

አልተቀየምኩትም። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ይሉኝታ ነዋ! ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ሮኒ ባርከር ይባላል።

እንግሊዛዊ ኮሜዲያን ነው፣ ጸሐፊም ነው። ሚስተር ቢንን የማያውቅ የለም፤ ባርከርን ግን እኛ ጋ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አይፈረድብንም። ሚስተር ቢን ብዙም አያወራም፣ የባርከር ቀልድ ደግሞ ያለው ምላሱ ላይ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጥራቸው። በ1929 ቤድፎርድ ተወለደ፣ ኦክስፎርድ አደገ። መጀመሪያ የባንክ ጸሐፊ ነበር። በ1948 ኤይልዝበሪ ከተማ ውስጥ አንድ የቲያትር ቡድን ገባና በዚያው ቀረ። ከመድረክ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን። በ1966 ዴቪድ ፍሮስት በሚያቀርበው ፕሮግራም ላይ ከኮሜዲያኖቹ ከጆን ክሊዝና ከሮኒ ኮርቤት ጋር ሆኖ ስለ መደብ የተሠራች አንዲት ጭውውት አለች። ሦስቱ በቁመት ተሰልፈው ይቆማሉ። ረጅሙ ክሊዝ ሀብታም፣ አጭሩ ኮርቤት ድሃ፣ ባርከር መሃል። ፈልጋችሁ እዩዋት፣ ብዙ እንግሊዝኛ አትጠይቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በ1968 ባርከር ታዋቂ ነው። ፍሮስት ለሚያቀርበው ሌላ ፕሮግራም ጭውውት መጻፍ አማረው። ግን አሰበበት። "እኔ ጻፍኩት ብዬ ባመጣ ማን ደፍሮ አይረባም ይለኛል?" ስለዚህ ጄራልድ ዋይሊ የሚባል ሰው ፈጠረ። ጽሑፎቹ በወኪሉ በኩል ይመጣሉ፣ ዋይሊ ግን ሰው ፊት መቅረብ የማይወድ ዓይን አፋር ነው ተባለ። ጽሑፎቹ ተወደዱ። ባርከር ራሱ ልምምድ ላይ አንዳንዶቹን ያጣጥላቸው ነበር። አስቡት፣ የገዛ ልጁን ሰው ፊት "ይሄ ልጅ ባለጌ ነው" እንደሚል አባት።

ኮርቤት ደግሞ ከዋይሊ ጭውውቶች አንዷን ወደዳትና ልግዛት አለ። ዋይሊ በወኪሉ በኩል 3,000 ፓውንድ ጠየቀ። ባርከር ጓደኛውን "ኧረ በዛ!" አለው። በኋላ ዋይሊ በነጻ ሰጠው። ይህቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰው መጠርጠሩ አይቀርም። ዋይሊ ማን ይሆን? ታዋቂው ጸሐፌ ተውኔት ቶም ስቶፓርድ ነው ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ የፕሮግራሙ ሰዎች ከስቱዲዮው ፊት ለፊት ባለ የቻይና ምግብ ቤት ተሰበሰቡ፣ ዋይሊ ዛሬ ይገለጣል ተብሎ። ባርከር ተነስቶ "እኔ ነኝ" አለ። መጀመሪያ ማንም አላመነውም!

እኔ እዚህ ላይ ነው የምቆመው። ሰውየው ትችትን አልፈራም። የፈራው ሙገሳን ነው። በይሉኝታ የሚሳቅ ሳቅ እንዳያገኝ ሰጋ። ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እነሱም ጋ አለ፣ ስም አላወጡለትም እንጂ።

ትሕትና ብቻ ነው ግን አልልም። ሰውየው ራሱን ሆኖ ሰው ፊት መቆም ይጨንቀው ነበር። ከ1971 እስከ 1987 ከኮርቤት ጋር "ዘ ቱ ሮኒስ" የሚባለውን ዝነኛ ፕሮግራም ሲሠሩ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን ሆኖ የሚያወራው ኮርቤት ነው። ባርከር ብቻውን ሲመጣ ወይ የሆነ ሚኒስቴር ቃል አቀባይ ነው፣ ወይ የሆነ ማኅበር ሊቀ መንበር። ሁሌም ጭምብል አለው። አንድ ሰው ማይክ ይዞ ብቻውን ስለ ራሱ ሲለፈልፍ ቢሰማ ምን ይል ነበር? (ሳቅ)

የዋይሊን ስም ከተገለጠም በኋላ አልጣለውም። በ1976 የወጣችውና ዛሬም የሚስቁባት የሱቅ ጭውውት በዚሁ ስም የተጻፈች ናት። አንድ ሰው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገባና "ፎር ካንድልስ" ይላል። ባለሱቁ ኮርቤት አራት ሻማ ያቀርብለታል። አይደለም፣ "ፎርክ ሃንድልስ"! የመንሽ እጀታ ነው የፈለገው። ለቅኔ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ ደግሞ እውነተኛ ሰም ነው፣ ሻማ! ቆየት ብሎ "ኦዝ" ይላል። መኮትኮቻ ይመጣለታል ("ሆዝ")፣ የውሃ ጎማ ይመጣለታል (እሱም "ሆዝ")። ሰውየው ግን የሚፈልገው የግቢ በር ላይ የሚለጠፍ "ኦ" የሚል ፊደል ነው። ባለሱቁ እየተቃጠለ፣ ደንበኛው ፊቱ እንደ ድንጋይ። ባርከር ጭውውቷን በእጁ የጻፈበት ወረቀት በ2007 በጨረታ 48,500 ፓውንድ ወጣለት።

ትወናውን ካነሳን ከ1974 እስከ 1977 የታየው ተከታታይ ኮሜዲ "ፖሪጅ" ይበልጥብኛል። ገንፎ ማለት ነው። በእነሱ የአራዳ ቋንቋ የእስር ጊዜ ገንፎ ይባላል። ያንን የጻፉት ሌሎች ናቸው። ፍሌቸር የሚባል ነባር እስረኛ ሆኖ ሲጫወት በጥቂት ነገር ነው የሚያስቀው፤ ዓይኑን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። "ኦፕን ኦል አወርስ" የሚባለው ሌላው ኮሜዲው ላይ ደግሞ የሚንተባተብ ስስታም ባለሱቅ ነው። መንተባተቡ ዛሬ ሳየው ብዙ አያስቀኝም፣ እውነቱን ለመናገር። ስስቱ ግን ይገድላል።

ከዚያ በ58 ዓመቱ ተወው። ሐሳብ አልቆብኛል አለ። ገበያው አልቀዘቀዘም፣ ማንም ውጣ አላለውም። ቺፒንግ ኖርተን በምትባል ከተማ ከባለቤቱ ከጆይ ጋር የጥንት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፈተ። ስለ ባለሱቅ ሲጽፍና ሲጫወት ኖሮ መጨረሻ ላይ እውነተኛ ባለሱቅ ሆነ። አይገርምም?

በ2005 አረፈ። በማግስቱ ዓመት ዌስትሚንስተር አቤይ ውስጥ የመታሰቢያ ጸሎት ሲደረግለት፣ እንደ ልማዱ በሰልፉ ፊት ሁለት ሻማ ነበር የሚያዘው። ለባርከር አራት ተያዘ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስንቱ ሳቁን እንደዋጠ ይታያችሁ።

ይህንን ክፍል ለማንም አላስሰማሁም። እስከ መጨረሻው ድምፅ እንዳለው ግን ሁለቴ አይቻለሁ። ሁለቱ ሮኒዎች ፕሮግራማቸውን ሲዘጉ አንዱ "ከእኔ ደህና እደሩ" ይላል፣ ሌላው "ከእሱም ደህና እደሩ" ብሎ ይጨምርበታል። እኔ ብቻዬን ስለሆንኩ ግማሹን ልበል።

ከእኔ ደህና እደሩ።