የቆንጆዎቹ የውሸት ጉድለት

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልን። ዛሬ ከዳዊት ጋር የምናወራው ልብ ወለድ ውስጥ ስላሉ ሴት ዋና ገጸ ባሕርያት ነው፤ ስለ መልካቸውና ስለ ጉድለታቸው። ዳዊት፣ ሰሞኑን ስትብሰለሰልበት ነበርና አንተ ጀምር።

ዳዊት፦ እኔን የሚያበሽቀኝ የውሸት ጉድለት ነው። ደራሲው ሴቲቱን ከእግር እስከ ራሷ ይስልልናል። አንገቷ መቃ፣ ተረከዟ ሎሚ፣ ጥርሷ በረዶ። ከዚያ እንከን የለሽ እንዳትሆንበት ይሰጋና አንድ ነገር ጣል ያደርግባታል። ምን? ትንሽ እልኸኛ ናት። ወይ ለሰው አብዝታ ታዝናለች። ይሄ ጉድለት ነው እንዴ?

ሜሮን፦ ማንንም አይጎዳማ።

ዳዊት፦ በቃ፣ ነገሩ እሱ ነው። ጉድለት ከሆነ አንድ ሰው ይጎዳበታል፣ እሷም ትከፍልበታለች። ስካርሌት ኦሃራን ውሰጂ። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ፣ የሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ በተረጎመው የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቼል ልብ ወለድ፣ በ«ነገም ሌላ ቀን ነው»፣ የምናውቃት ማለቴ ነው። መጽሐፉ ገና ሲጀምር ቆንጆ አይደለችም ይለናል። ወንዶቹ ግን አንዴ ከሳበቻቸው ይሄን ልብ አይሉም።

ሜሮን፦ እ.ኤ.አ. በ1939 ፊልሙ ሲሠራ ቪቪየን ሊ ተጫወተቻት፣ ያ ዓረፍተ ነገርም በዚያው ተረሳ።

ዳዊት፦ እኔን የያዘኝ ግን መልኳ አይደለም። ለእርሻቸው ግብር 300 ዶላር ያስፈልጋል፣ የላትም። እና ምን አደረገች? የገዛ እህቷን ሊያገባ የነበረውን ፍራንክ ኬኔዲን፣ እህቴ ሌላ ልታገባ ነው ብላ ዋሽታው ራሷ አገባችው! በጣም ተናድጄባታለሁ። ግን ቤቱ ውስጥ የተራበ ሰው አለ፣ ርስቱ ሊሸጥ ነው፣ እሷ ደግሞ ሌላ መንገድ አልታያትም። መናደዴም መረዳቴም አብረው ነው የመጡት።

ሜሮን፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። መጽሐፉ ባርነትን አሳምሮ የሚያሳይበትን መንገድ ፈጽሞ አልቀበለውም። ስካርሌት በባሪያ ጉልበት መኖሯን ደራሲዋ እንደ ጉድለት እንኳ አልቆጠረችውም። ትልቁ ጉድለቷ ግን እሱ ነው።

ዳዊት፦ ትክክል። ደራሲው ምኑን ጉድለት ብሎ እንደጠራ ብቻ ሳይሆን ምኑን እንዳላየውም ማየት አለብን።

ሜሮን፦ እኔ ወደ ጄን ኤር ልውሰድህ። ሻርሎት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ያሳተመችው ነው። ጄን ድሃ፣ ደቃቃ፣ መልክ የሌላት አስተማሪ ናት። የምወዳት ግን «መልክ ምን ያደርጋል» የምትል ስላልሆነች ነው። ቀላ ያለ ጉንጭ፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ በኖረኝ ብላ ትመኛለች። አሠሪዋን ሮቸስተርን መውደድ ስትጀምር ደግሞ ስለ ቆንጆዋ ብላንሽ ኢንግራም ትሰማለች። ያን ጊዜ ቁጭ ትልና የራሷን ፊት በጠመኔ ትስላለች፣ አንዷንም እንከን ሳታለሳልስ። ብላንሽን ደግሞ ገና ሳታያት፣ በሰማችው ብቻ፣ በጥሩ ቀለም አሳምራ ትስላታለች። ልቧ ሲሸፍት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ልታይ ነው። እዚያ ጋ ስደርስ አንጀቴን ትበላዋለች።

ዳዊት፦ መልኳ ታሪኩ ውስጥ ሥራ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ሜሮን፦ አዎ። የዓይኗን ቀለም ነግሮን ቢያልፍ ኖሮ ገጹን ገልብጠን እንረሳው ነበር። ሮቸስተር ራሱ መልከ መልካም እመስልሻለሁ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ደግሞ ሳታስብ «አይ ጌታዬ» ነው ያለችው። በአንድ መልስ ድፍረቷንም አፏ እንደማይያዝላትም አየን።

ዳዊት፦ የእኛዋ ሰብለ ወንጌልስ? ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ የቆንጆ መለኪያ ሆናለች። ለእኔ ግን ያለ ልክ የጠራች ናት። የነካችው ጥፋት አይታየኝም። አንብቤ ስጨርስ አብሮኝ የሚቆየው የዘመኑን ሥርዓት በግልጽ የሚተቸው ጉዱ ካሳ ነው።

ሜሮን፦ አልስማማም። ሐዲስ ዓለማየሁ ቁንጅናዋን የት እንዳስቀመጠው እየው። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየቆጠሩ ጠያቂውን ሁሉ ይመልሳሉ። ዕድሜዋ ይሄዳል። ያ ሁሉ መልክ አንድ በር አልከፈተላትም። እሷ ደግሞ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ነው ጉድለቷ፤ ራሷንም የምትወደውን በዛብህንም ዋጋ አስከፍሏል።

ዳዊት፦ በዚያ ቤት፣ በዚያ ዘመን ዝም ያለችን ልጅ ጉድለት አለባት ማለት ይከብደኛል። የተደረገባት ነገር ነው እንጂ።

ሜሮን፦ ሁለቱም መሆን አይችልም? ስካርሌትንም ችግር ነው የገፋት። አንተው ነህ ያልከው።

ዳዊት፦ ስካርሌት ግን መርጣ ነው ያደረገችው። ሰብለ የመረጠችው በዛብህን ስትወድና እሱን ፍለጋ ከቤት ስትወጣ ነው፤ ያ ደግሞ ጥፋት አይደለም።

ሜሮን፦ ጉዱ ካሳ ያንን ሁሉ ሲናገር እንኳ «ጉዱ» ተብሎ ታልፏል። እሷ ብትናገረው ኖሮ ምን ይሏት ነበር?

ዳዊት፦ እሱን ትዕይንት ሐዲስ ቢጽፉልን ደስ ይለኝ ነበር።