«ስንት ቀን ታሰረ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ማን ነው?

የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ የተከበራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

እንድናገርበት የተጋበዝሁበት ጉዳይ ሦስት ስሞች አሉት፤ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ፣ የፖሊስ ሥራና የኢሚግሬሽን እስር። በአሜሪካ መንግሥት አሠራር ሦስቱ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተያዙ ናቸው። በአንድ ስደተኛ ሕይወት ላይ ግን አንድ ሆነው ይመጣሉ፤ ፖሊሱ ለዐቃቤ ሕጉ፣ ዐቃቤ ሕጉ ለኢሚግሬሽን ያስተላልፈዋል፣ እያንዳንዱም «የእኔ ድርሻ እዚህ ላይ ያበቃል» ስለሚል፣ በመጨረሻ ለደረሰው በደል የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

መነሻው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ፖሊስ የትራፊክ ደንብ ሲጣስ እስካየ ድረስ፣ መኪናውን ያስቆመበት እውነተኛ ምክንያት የዕፅ ጥርጣሬ ቢሆን እንኳ ማስቆሙ የሕገ መንግሥቱን የፍተሻ ገደብ እንደ መጣስ አይቈጠርም። በ2007 በጆርጂያ ግዛት መኪናው የቆመበት አድሪያን ሞንክሪፍ በ3 ዓመቱ ከጃማይካ በሕጋዊ መንገድ የመጣ ሰው ነበር። የተገኘበት ማሪዋና 1.3 ግራም ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሲጋራ ቢወጣው ነው። መንግሥት ይህን በኢሚግሬሽን ሕግ «ከባድ ወንጀል» ብሎ ሊያባርረው ተነሣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አይባልም ብሎ የወሰነው በ2013 ነው። 1.3 ግራም ስድስት ዓመት ፈጀ።

ሕጉ ራሱ ጠበኛ ነው። ለግል መጠቀሚያ ከተያዘ እስከ 30 ግራም የሚደርስ ማሪዋና፣ ያውም ለአንድ ጊዜ ብቻ ካልሆነ በቀር፣ ማንኛውም የዕፅ ጥፋተኝነት ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለመባረር ይዳርገዋል። ከዚያም በላይ፣ በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ «ጥፋተኝነት» የሚለውን ቃል እጅግ አሰፋው፤ አንድ ሰው ጥፋቱን አምኖ የግዛቱ ፍርድ ቤት «ትምህርቱን ጨርስ፣ ክሱ ይዘጋልሃል» ቢለውና ክሱ በእርግጥ ቢዘጋለትም፣ ጥቂትም ቢሆን ቅጣት ወይም ገደብ ከተጣለበት ለፌደራሉ መንግሥት ጥፋተኛ ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ላለው ስምምነት ነው። ከ40 ዓመት በላይ በቋሚ ነዋሪነት የኖረውና በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ ያገለገለው ሆሴ ፓዲያ ጠበቃው «ብዙ ስለ ኖርህ አትስጋ» ብሎት ነበር ጥፋቱን ያመነው። ተከላካይ ጠበቃ ስለ መባረር አደጋ የማስጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት የተወሰነው በእሱ ጉዳይ፣ በ2010 ነው። ፕሬዚዳንታዊ ምሕረት እንኳ ይህን ገደል አይደፍነውም፤ በ2022 በፌደራል ሕግ ማሪዋና በመያዝ ለተፈረደባቸው ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ምሕረት ሲታወጅ፣ የኢሚግሬሽን ሕጉ በምሕረት ይቀራሉ ከሚላቸው የመባረሪያ ምክንያቶች መካከል የዕፅ ወንጀል አልነበረበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ያው የ1996 ሕግ፣ በዕፅ ጥፋተኛ የተባለ ስደተኛ የመባረር ጉዳዩ እስኪያልቅ ያለ ዋስ እንዲታሰር ያዛል። ይህ በ2003 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲመረመር መንግሥት ስለ እስሩ ርዝመት ቁጥር አቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም በዚያ ቁጥር ተመርቶ፣ እስሩ በአብዛኛው አንድ ወር ተኩል ያህል፣ ይግባኝ በሚሉት ላይ ደግሞ አምስት ወር ያህል ስለሚቆይ አጭር ነው በማለት 5 ለ4 አጸደቀው። በ2016፣ ማለትም ከ13 ዓመት በኋላ፣ መንግሥት ለፍርድ ቤቱ በጻፈው ደብዳቤ ቁጥሩ የተሳሳተ እንደ ነበር አመነ፤ ይግባኝ ባሉት ላይ አማካዩ 382 ቀን ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከአንድ ዓመት የሚበልጠው እስር «አምስት ወር» ተብሎ ለዳኞች ቀረበ፤ በዚያ ቁጥር ላይ የተመሠረተው ፍርድ ግን ስሕተቱ ከታመነ በኋላም ጸንቶ ቀረ። እንዲያውም በ2018 ያው ፍርድ ቤት፣ ሕጉ በየስድስት ወሩ የዋስትና ችሎት ይሰጥ አይልም ሲል ወሰነ። ልጄ መቼ ይወጣል ብላ የምትጠይቅ እናት ከማንም መልስ እንዳታገኝ የሚያደርጋት ይህ ነው።

የዕፅ ንግድ ቤት እንደሚያፈርስ አልክድም፤ ልጆቻቸውን በፈንታኒል የቀበሩ ወላጆችን ሐዘንም አላሳንስም። ይሁን እንጂ የወንጀል ቅጣቱን የጨረሰ ሰው እንደገና ሲታሰር፣ መንግሥት «ያመልጣል» ወይም «አደገኛ ነው» የሚለውን በዳኛ ፊት ማስረዳት አለበት፤ የዚያ ዳኛ አሠሪም ከሳሹ መንግሥት መሆን አልነበረበትም። ዛሬ የኢሚግሬሽን ዳኞች የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኞች ናቸው፤ ለታሳሪውም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት በሕጉ አልተሰጠውም።

ቁጥጥሩም እየሳሳ ነው። በመጋቢት 2025 የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ክፍሉንና ኮንግረስ ራሱ ያቋቋመውን የኢሚግሬሽን እስር ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ለመቀነስ ወሰነ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ኮንግረስ ለማቆያ ቦታዎች 45 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ለእስር ቤት ይህን ያህል የሚበጅት መንግሥት፣ እስር ቤቱን ለሚመረምሩት ደመወዝ አጣሁ ሊል አይችልም።

ስለዚህ ከምክር ቤት ተወካዮቻችሁ አንድ ነገር እንድትጠይቁልኝ እለምናችኋለሁ። በማቆያዎቹ ውስጥ ከስድስት ወር በላይ የቆዩት ስንት ናቸው? ከእነርሱ ስንቱ በዕፅ ምክንያት፣ በየትኛው የሕግ አንቀጽ ታሰሩ? የዋስትና ጥያቄያቸው በዳኛ ፊት የተሰማላቸውስ ስንት ናቸው? መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ ቁጥሩን ያጠናቀረው ኃላፊም ስሙንና ፊርማውን ያኑርበት።

አመሰግናለሁ።