ከማንኪያው ላይ የወረደው ሙቅ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው የጀመርኩትን የዱባ ወግ ዛሬ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። ዱባው ይቆይ። አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል።

ማንኪያ ነው። ጎጃም፣ ደጀን አካባቢ፣ ጓዳ ውስጥ፣ አንዲት እናት ስድስት ወር ከሁለት ሳምንት የሆነው ልጇን ታቅፋ የጤፍ ሙቅ ታበላዋለች። ማንኪያዋን ከጣባው አውጥታ ዘንበል ስታደርገው ሙቁ ኩልል ብሎ ወረደ። ማንኪያው ላይ የቀረው ስስ ቡናማ ነገር ብቻ ነው። አማቷ ከምድጃው ማዶ «ቀጠን አድርጊለት እንጂ ልጄ፣ ጉሮሮው ገና ነው፣ ያንቀዋል» አሉ። «እሺ እማ» ብላ የፈላ ውኃ ጨመረችበት። ልጁ ጠጣ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ተኛ። ክፉ የሠራ ሰው የለም። እኮ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳው።

እስቲ ያንን ጣባ መልሰን እንየው። 125 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ የገባው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነው፤ 10 ግራም ገደማ። ይህ የሚሰጠው ጉልበት 35 ኪሎ ካሎሪ ቢሆን ነው። በቀን ሁለቴ ቢበላው 70። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ልጅ ደግሞ ከጡት ወተቱ ሌላ በቀን 200 ያህል ያስፈልገዋል። ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚችለው በኪሎው 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሰባት ኪሎ ከሆነ 210። ታዲያ ያንን ቦታ ውኃ ከያዘው እህሉ የት ይግባ? ጡቱንም ይተዋል፤ ጠግቧላ።

ያው ጣባ፣ ያው ውኃ፣ ዱቄቱን ሁለት ማንኪያ ብናደርገውና ከእሳት ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ ብናደርግበት ጉልበቱ 110 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። ሁለቴ ሲበላ 220። ልዩነቱ አንድ ማንኪያ ዱቄትና ትንሽ ቅባት ነው። ማንኪያው ሲዘነበል የማይወርድ፣ ቀስ ብሎ ብቻ የሚንሸራተት፤ መለኪያው ይኸው ነው። ጅማሬው በአንዴ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ እያደር እስከዚያ 125 ሚሊ ሊትር።

የእማማ ፍርሃት ግን ውሸት አይደለም። ልጅ ምግብ ሲጀምር ያቅለሸልሸዋል፣ ምላሱን ያወጣል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ድምፅ ያሰማል። ያ መታነቅ አይደለም፤ ጉሮሮው ራሱን ሲጠብቅ ነው። የከፋው መታነቅ ዝም ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ትንፋሽ የለውም። ይልቅ ትን የሚያሰኘው አንጋሎ መጋት ነው። በመዳፍ ቀጭን ሙቅ እየተንቆረቆረለት፣ እያለቀሰ ሲውጥ። ቀና ብሎ ተደግፎ ይቀመጥ፣ አፉን እስኪከፍት ይጠበቅ። ፊቱን ካዞረ በቃኝ ማለቱ ነው።

ወፍራሙን አልውጥ ላለ ልጅ ጎጃም መፍትሔው እደጁ አለ። ብቅል! ለጠላ የምናበቅለው ገብስ። ገንፎው በደንብ ከበሰለ በኋላ ይወርድና በረድ ይላል፤ እየፈላ ከገባ ብቅሉ ኃይሉ ይሞታል። አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይጨመርና ይማሰላል። በደቂቃዎች ውስጥ ያለ ምንም ውኃ ይላላል፤ ዱቄቱ እዚያው አለ፣ መወፈሩ ብቻ ሄደ። ከዚያ ተመልሶ አንድ ጊዜ ይፈላል፤ ጥሬ ብቅል ጀርም አያጣውም። ለጠላ ታፍኖ የከረመ፣ ሻጋታ የነካው ብቅል ግን ለልጅ አይሆንም። ጌሾም አይቅረበው። ይህንን እያወቅን ውኃ እንጨምራለን…

ለልጅ ሙቅ ተቀላቅሎ የሚፈጨው ምጥንም እንዲሁ ነው። አሥር ዓይነት እህል የገባበት ምጥን አሁን እንደ ሙያ ይቆጠራል። እኔ አልወደውም። ሦስት እጅ እህል፣ ጤፍ ወይም ዳጉሳ ወይም በቆሎ፤ አንድ እጅ ጥራጥሬ፣ ሽምብራ ወይም አተር፣ ተዘፍዝፎ፣ ተከክቶ፣ ተቆልቶ። በቃ። አሥሩ ሲገባ ጥራጥሬው ይመነምናል፤ ልጁ ሽፍ ቢልበት ደግሞ የትኛው እንደነካው ማን ያውቃል? ግብጦ በፍጹም! መራራው ለትልቅ ሰው እንኳ ስንት ቀን በወራጅ ውኃ ተነክሮ ነው።

ማርም እንዲሁ። የጎጃም ማር ሲባል ልቤ እንደሚሞላ ታውቃላችሁ። ግን ዓመት ሳይሞላው በጣት ጫፍም አይላስ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም ገና ባልጠነከረ አንጀት ውስጥ መርዝ ያፈራል፣ ሰውነትን ያዝላል። መፍላትም አይገድለው።

ምን እያልኩ ነበር… አዎ፣ ጾሙ። እዚህ ላይ እፈራለሁ፤ አጥብቄ ጿሚ አገር ላይ ነው የማወራው። ሕፃን ጾም የለበትም፤ ከሰባት ዓመት በፊት ማንም አያስገድደውም። እንቁላሉን የሚያስቀረው ድስቱ ነው። «ድስቴን ያስፈስክብኛል» ነው ነገሩ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በመግቢያው ስድስት ወር የሞላው ልጅ ስምንት ወር ሊሞላው ምንም አይቀረው፣ አንድ እንቁላል ሳይቀምስ። ከእናቱ ይዞት የተወለደው ብረት የሚመናመነው ደግሞ ልክ በዚያው ጊዜ ነው። ጤፉ ብረት አለው እንላለን፤ አለው፣ ግን ከራሱ ከእህሉ ጋር ተጣብቆ አብዛኛው ሳይመጠጥ ይወጣል። በተሻለ የሚሰጠው ጉበትና ሥጋ ነው፣ ተቀቅሎ፣ ደቅቆ። ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ጣባ ለብቻ ቢቀመጥለት የማንም ጾም አይነካም። ይህንን ስናገር ቀላል ይመስላል። ድስት ይገዛል። እዚያ ምድጃ ዳር ግን ድስቱን የሚገዛው ማነው፣ የሚፈቅደውስ?

ምራቲቱ እኮ የምታውቅ ትመስላለች። ውኃውን ከመጨመሯ በፊት ማንኪያውን ለአፍታ ያዝ አድርጋ አየችው። ወደ አማቷ አላየችም፤ ወደ ማንኪያው ነው ያየችው። ከዚያ «እሺ እማ»። ያቺን አፍታ ነው የማመላልሳት። ያን ጊዜ የሆነ ሰው ለእማማ «እስቲ እርስዎ ያዘንብሉት» ቢላቸው… እጃቸው ያውቃል፣ ገንፎ የሚያገነፉት እሳቸው ናቸው። ወይም ቅር ይላቸው ይሆናል። አላውቅም። ጣባው ባዶ ነው፣ ልጁም ተኝቷል፣ ሌላው ሙቅ ደግሞ ማታ…